ርዝመቷስ ልክ ነበር

ኮልፌ፣ ከአንድ ፎቅ ምድር ቤት ባለች የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፤ አናጺው ጋሽ ማንደፍሮ የልጃቸው ላፕቶፕ ሆዱ ተከፍቶ ከተኛበት ባንኮኒ አጠገብ ቆመዋል፣ ጠጋኙ ይበልጣል እንደ ማስቲካ የሳሳች፣ ኤስኤስዲ የምትባል አዲስ የላፕቶፕ አካል በሁለት ጣቱ ይዟል።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ግፋት እንጂ! ምን ታባብላታለህ?

ይበልጣል፦ አልገባም እያለችኝ ነው፣ ጋሼ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አንተን ንቃ ነው። ዕቃ የሚፈራውን ሰው ያውቃል። አምጣ፣ እኔ ልሞክራት።

ይበልጣል፦ ኧረ በማርያም! እጅዎን ያርቁ። ትንሽ ጠንከር ካሉባት መሰኪያው ይሰነጠቅና ሁለቱም አብረው ይቀበራሉ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት እኮ በማጋጠም ነው። ወይራን ከጽድ ያለ ምስማር ያስማማሁ ሰውዬ ይቺ ስንጣሪ ታቅተኛለች?

ይበልጣል፦ እንጨት ይተዛዘናል። ይሄ አይተዛዘንም።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ይህን የተደገፍክበትን ባንኮኒ ማን ሠራልህ?

ይበልጣል፦ እርስዎ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ በሩ አልበቃው ሲል ምን አደረግኩ?

ይበልጣል፦ በሩን ከነመቃኑ ነቅለው አስገቡት።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ከዚያስ?

ይበልጣል፦ መልሰው ገጠሙት። ከዚያ ወዲህ በሩ አልዘጋ ብሎኝ በገመድ ነው የማስረው።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ የበሩን ተወው። ባንኮኒው ገብቷል ወይስ አልገባም? አንተም እንደዚያ በሩን ንቀልና አስገባት።

ይበልጣል፦ የዚህ በሩ አይነቀልም። እስቲ ወደ ብርሃኑ ይጠጉ። እዚህ ጫፏ ላይ ወርቅ የመሰሉ ጥርሶች ይታዩዎታል?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ይታዩኛል።

ይበልጣል፦ መሐላቸውስ?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ክፍተት አለ። ፍንጭት ናት።

ይበልጣል፦ ፍንጭት፣ ጥሩ አሉ። አሁን ደግሞ መሰኪያውን ይዩት። ውስጡ እንደ ድድ ብቅ ያለች ትንሽ ግድግዳ አለች። ያቺ ግድግዳ ፍንጭቱ ውስጥ ነው የምትገባው። ግድግዳዋ የቆመችው በግራ፣ የዚህችኛዋ ፍንጭት ያለው በቀኝ። አሮጌዋ በግራም በቀኝም ፍንጭት ስለነበራት መሆን አለበት ሰተት ብላ የገባችው።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ታዲያ ገልብጣት።

ይበልጣል፦ ብትገለበጥም ልኩ አይመጣም።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ሞረድ የለህም? በቀጭን ሞረድ አንድ ፍንጭት ልጨምርላት።

ይበልጣል፦ ጥርሷን ከሞረዷት ሞተች ማለት ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ፍንጭት ሲያምር እንጂ ሲከለክል ዛሬ ገና አየሁ!

ይበልጣል፦ ደግሞ መሰኪያው ብቻ ቢሆን ጥሩ። አነጋገራቸውም ለየቅል ነው። ይቺ አዲሷ የምታወራውን የልጅዎ የሰርካለም ላፕቶፕ አይሰማም። እንደ ምንም ብትገባ እንኳ ግድግዳ ተጋርተው እንደማይነጋገሩ ጎረቤቶች ይሆናሉ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ጎረቤት ከሆኑማ እኔ አስታርቃቸዋለሁ። ስንቱን አስታርቄያለሁ።

ይበልጣል፦ ጋሼ፣ እኔ እየቀለድኩ አይደለም።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እኔስ የምቀልድ መሰለህ? ልጅቷ ዛሬ ትገባለች እኮ! ከአክስቷ ቤት፣ ከፍቼ፣ ጠዋት ተነስታለች።

ይበልጣል፦ ዛሬ?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ዛሬ። ሰኞ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏን ታስረክባለች። እና አንተ ቁጭ ብለህ ስለ ድድና ስለ ጥርስ ታስተምረኛለህ። ለመሆኑ ትገባለች ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?

ይበልጣል፦ እኔ?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አዎ፣ አንተ! ደወልኩልህ። «የልጄን ላፕቶፕ ሆድ ከፍቼ አየሁት፤ ውስጡ ያለችው ስምንት ሴንቲ በሁለት ነጥብ ሁለት ናት፤ የወንድሜ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ አዲስ ሊያመጣልኝ ነው፤ ምን ልበለው?» አልኩህ። ምን አልከኝ?

ይበልጣል፦ ያኔ እኮ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ምን አልከኝ?

ይበልጣል፦ ርዝመቷ ያ ከሆነ ትገባለች አልኩዎት።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ «ዓይንዎን ጨፍነው ያስመጡ» አልከኝ።

ይበልጣል፦ ብያለሁ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ጨፈንኩ።

ይበልጣል፦ መጠየቅ ነበረብኝ። የላፕቶፑ ሞዴል ጀርባው ላይ ተጽፏል። ያንን ያንብቡልኝ ብዬ ስልኬ ላይ ፈልጌ ባየው ኖሮ እኮ… ይኸው፣ አሁን አውጥቼዋለሁ፣ ይዩት። ይህን ዓይነቱን ይቀበላል፣ ያንን ዓይነቱን አይቀበልም ብሎ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አሁን ነው የምታየው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ይበልጣል፦ ይስደቡኝ። አይከፋኝም።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ስድብ ቢያስገባት ኖሮ እስካሁን ገብታ ነበር።

ይበልጣል፦ እርስዎስ ቢሆን፣ በስልክ ከሚለኩልኝ ላፕቶፑን ራሱን ብቅ አድርገው ቢያሳዩኝ ምን ነበረበት? ከቤትዎ እዚህ ድረስ ስንት እርምጃ ነው?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እንዴት ላምጣው? ልጅቷ ከእጇ አትለየውም እኮ! የለካሁትም ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ተሻምቼ ነው። ሜትሬን ይዤ እንደ ሌባ እየተርበተበትኩ። ብሎኑን መልሼ ሳጠብቅ ደግሞ በሩ ተከፈተ። «አባ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ። «ጠረጴዛሽ ይወዛወዝ እንደሆነ እያየሁ ነው» አልኳት።

ይበልጣል፦ ለምን ይደብቋታል?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ስትመጣ ከፍታው ፍንጥር ሲልላት፣ ፊቷን ላየው ፈልጌ ነዋ።

ይበልጣል፦ አይ፣ ጋሼ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አንተ አላየሃትም። ያንን ላፕቶፕ ትከፍተዋለች፤ እስኪነሳ ድስት ጥዳ፣ ሽንኩርት ከትፋ፣ እናቷን ሁለት ጊዜ ተቆጥታ ትመለሳለች። አሁንም አልተነሳም። አንድ ቀን «ይሄ ነገር ቢፈጥንልኝ እኮ እኔ እበር ነበር» አለች። ለእኔ ብላም አይደለም፤ ለራሷ ነው። እኔ ግን ያቺን ያዝኳት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ምን ረዳኋት? ጠረጴዛ ሠራሁላት። ጠረጴዛው ላይ የምትጽፈውን ግን አላውቀውም። ይቺን አንዲት ነገር እንኳ ልርዳት ብዬ ነው።

ይበልጣል፦ ሊያጌጡ ይመላለጡ ሆነብዎት።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ተመላለጥኩልህ።

ይበልጣል፦ ግን አይዞዎት። ያን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አልተፈጠረም። አዲሷ ትቀመጥ፤ ለሌላ ሰው ላፕቶፕ ትሆናለች፣ እኔ ራሴ ፈላጊ አገኝላታለሁ። አሮጌዋን ይስጡኝ፣ መልሼ ልግጠማት። እንደ ድሮው እየተንቀራፈፈ ይሠራል። ሰርካለምም መነካቱን አታውቅም።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አሮጌዋን?

ይበልጣል፦ አዎ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አሮጌዋ ምን ታደርግልሃለች? አሮጌ ናት እኮ።

ይበልጣል፦ ይዘዋት አልመጡም?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ለምን እይዛታለሁ? ሙሽራ ልታገባ ስትሄድ የፈታሃትን ሚስት ይዘህ ትሄዳለህ?

ይበልጣል፦ ጋሼ፣ የታለች?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እዚህ መደርደሪያህ ላይ ያቺ ባለ ሁለት ፍንጭቷ የለችህም? አዲስ?

ይበልጣል፦ አለችኝ። ግን…

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አለችህ?! ታዲያ እስካሁን ምን ታደርቀኛለህ! እሷን አስገባና ልሂድ።

ይበልጣል፦ አስገባታለሁ። ባዶ ናት ግን።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ባዶ ብትሆን ምን አለበት? ጽሑፉ ላፕቶፑ ውስጥ አይደል?

ይበልጣል፦ ላፕቶፑ ውስጥ የት ነው የሚመስልዎት?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እዚህ ነዋ። ከመጻፊያው ሥር። ጣቷ የሚያርፈው እዚህ አይደል?

ይበልጣል፦ ይቀመጡ፣ ጋሼ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አልቀመጥም።

ይበልጣል፦ ይቺን በርጩማ ይያዙ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ በርጩማውንም እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አልቀመጥም አልኩ። ንገረኝ።

ይበልጣል፦ ይሄ ሁሉ የሚያዩት ቤት ነው። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ በሩ። የሰርካለም ጽሑፍ፣ ፎቶዋ፣ ሁሉ ነገሯ ያለው ግን እዚያች ስንጣሪ ውስጥ ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አሮጌዋ ውስጥ?

ይበልጣል፦ አሮጌዋ ውስጥ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ያቺ ጣቴን የማታህል?

ይበልጣል፦ ያቺ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ዓመት ሙሉ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ሸማኔ እየዞረች፣ ወገባችሁን የት ላይ ነው የሚያማችሁ እያለች የጠየቀችው? እኔ እንኳ «የአናጺ ወገብ ብትጠይቂ ኖሮ ከቤት ሳትወጪ ትጨርሺ ነበር» እያልኩ የምስቅባት? እሱ ሁሉ?

ይበልጣል፦ እሱ ሁሉ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እኔ ደግሞ የመሮጫው ነገር መስሎኝ ነበር። እንደ ጎማ። አሮጌ ጎማ አውልቀህ አዲስ እንደምታስገባው።

ይበልጣል፦ አሁን የት ናት?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ትናንት ማታ አውጥቼ፣ አዲሷን ብገፋት እምቢ አለችኝ። በቃ ብልሃቱ ጠፍቶኝ ነው፣ ነገ ይበልጣል ዘንድ እወስደዋለሁ አልኩና አሮጌዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት።

ይበልጣል፦ ጎሽ! የትኛው ኪስዎ?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ የኮቴ። የሥራ ኮቴ።

ይበልጣል፦ ኮቱስ የታለ?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ጆግ ሆኗል።

ይበልጣል፦ ምን ሆኗል?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ የፕላስቲክ ጆግ። ክዳን ያለው።

ይበልጣል፦ ጋሼ፣ ይቀመጡ እስቲና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ሚስቴ የሻረግ ናት። ልጄ ትመጣለች ብላ ከንጋት ጀምሮ ቤት ስትጠርግ፣ ስታወጣ ስታስገባ ነበር። ያንን ኮት መቼም ዓይኑን ማየት አትፈልግም። ሰጋቱራ ያረግፍብኛል፣ ሙጫ ሙጫ ይሸተኛል፣ እያለች ስንት ጊዜ ልታቃጥለው ተነሳች። እኔ ጣውላ ልገዛ ወጣ እንዳልኩ ልዋጭ በደጅ ያልፋል። ጠራችው። ኮቱን ከሁለት አሮጌ ጫማ ጋር ሰጠችውና ጆግ ተቀበለች።

ይበልጣል፦ ሲመለሱ አልጠየቋትም?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ጠየቅኳት። ጆጉን አሳየችኝ። ደስ ብሏታል። «ለእንግዳ ውኃ መቅጃ አጥተን አፍረን ነበር እኮ» አለችኝ። እኔም «ይሁን፣ አሮጌ ኮት ነው» አልኩ። በሆዴ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለችውም አሮጌ ናት አልኩ። ሁሉም አሮጌ። ዘመኑ የአዲስ ነው ብዬ፣ ይቺን ጉደኛ አዲስ ይዤ ወዳንተ መጣሁ።

ይበልጣል፦ የትኛው ልዋጭ እንደሆነ ያውቁታል? ሰፈራችሁን የሚያዘወትረው ነው?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ልዋጭ መልክ አለው እንዴ? ልዋጭ ድምፅ ነው ያለው። ከአጥር ውጪ ይጮኻል፣ ሚስትህ ትሮጣለች፣ ሌላውን የምታውቀው ዕቃህ ሲጠፋ ነው።

ይበልጣል፦ ምናለሽ ተራ ይዞት ሳይሄድ አይቀርም። አሮጌ ነገር ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ምናለሽ ተራ የገባ ኮት ደግሞ እናቱም አታውቀው። አጥበው፣ ገልብጠው፣ ኪሱን አራግፈው ለሌላ ሰው አልብሰውታል። ያቺን ጨርቅ ፈትቶ «ምንድን ናት?» ብሎ የሚወረውራት ሰው ይታየኛል። እኔም ብሆን እወረውራት ነበር። እኔም ወርውሬያት የለ!

ይበልጣል፦ ቆይ፣ ጋሼ። ምናልባት ሰርካለም ሌላ ቦታ ቅጂ ይኖራት ይሆናል። የዛሬ ልጆች ኢንተርኔቱ ላይ ያስቀምጣሉ። ደመና ነው የሚሉት።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ የት?

ይበልጣል፦ ደመና ላይ። ማለት፣ እንዲያው ሰማይ ላይ እንደ ማለት ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይበልጣል፦ ይህቺኛዋ ላም እኮ ትታለባለች! አስቀምጣ ከሆነ ባዶዋን አስገብቼ፣ ዛሬውኑ አወርድላትና ምንም እንዳልተፈጠረ እንሆናለን። መጠየቅ ብቻ ነው። ይደውሉላት።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ምን ብዬ? «ልጄ፣ ሰማይ ላይ ያስቀመጥሽው ነገር አለ ወይ?» ብዬ? አባቴን ዛሬ ምን ነካው አትልም?

ይበልጣል፦ በዘዴ ይጠይቋታል።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እሷን በዘዴ? ስትሄድ እኮ ላፕቶፑን በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ። «ለክርስትናው ይዤው አልሄድም፣ የአክስቴ ልጆች ይጥሉብኛል። ካንተ ሌላ የማምነው የለም። አደራ፣ አባ» ብላኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ አሉ። የአክስቷ ልጆች ቢሆኑ እኮ ቢበዛ መስታወቱን ነበር የሚሰብሩት።

ይበልጣል፦ ስልክዎ እየጮኸ ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እሷ ናት።

ይበልጣል፦ ያንሱት። ይኸው እግዜር ራሱ ደወለልዎት።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ሄሎ… ሰርኬ… ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። የት ደረስሽ? … ጫንጮ። ጎሽ። ክርስትናው አማረ? … እናትሽ? እናትሽ ደህና ናት፣ ጆግ ገዝታለች… እ? … ላፕቶፑን? … አዎ፣ አለ፣ የት ይሄዳል። … ቻርጅ? … አይ፣ መብራት የለም። … አዎ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የሄደው። … እሺ። ሲመጣ እሰካልሻለሁ። … እሺ የኔ እናት። በደህና ግቢ።

ይበልጣል፦ ምን አለችዎት?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ «ቻርጅ ላይ ሰካልኝ፣ ገና እንደገባሁ ቁጭ እላለሁ» አለችኝ።

ይበልጣል፦ እና መብራት የለም አሏት?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ከአፌ አመለጠኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ዋሸ።

ይበልጣል፦ ምንም አይደል። እንዲያውም ጥሩ ነው የወጣዎት።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ምኑ ነው ጥሩው?

ይበልጣል፦ ይስሙኝ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ላፕቶፑን ሰኩላት። መብራቱ ድንገት ሲመጣ በኃይል መጣና ውስጡን አቃጠለው። እርስዎ ደንግጠው ወደ እኔ ሮጡ። እኔ ደግሞ ከፍቼ «ተቃጥሏል፣ የሚተርፍ ነገር የለውም» አልኩ። አለቀ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እንዲህ በቀላሉ?

ይበልጣል፦ በዚህ አገር እኮ መብራት ያልሠራው ኃጢአት የለም። ማንም ይቀበለዋል። ስንት ሰው ኮምፒውተሩን በዚህ ሰበብ ይዞልኝ ይመጣል።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እና ሰርኬ?

ይበልጣል፦ ታለቅሳለች። ግን በመብራት ነው የምታዝነው እንጂ በእርስዎ አይደለም። ዩኒቨርሲቲውም መብራት ነው ብላ ብትነግራቸው ቀን ይጨምሩላት ይሆናል።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ በአንተም አታዝንም።

ይበልጣል፦ እ?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ «ዓይንዎን ጨፍነው ያስመጡ» ያለውን ሰውዬ ማለቴ ነው። መብራቱ ለእሱም ይደርስለታል።

ይበልጣል፦ ለእርስዎ ብዬ ነው እኮ፣ ጋሼ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ነው?

ይበልጣል፦ ለሁለታችንም። ምን ልበልዎት? የሰርካለም ጓደኞች በሙሉ የሚያሠሩት እኔ ጋ ነው። «ይበልጣል ሳያይ ይናገራል» ከተባለ እኮ ደንበኛ አጥቼ ይሄን በር በገመድ ማሰሬ ራሱ ይቀርልኛል።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ሐቀኛ ነህ። ቢያንስ ሲጠይቁህ።

ይበልጣል፦ ይበሉ፣ መብራት ነው እንበልና ይለቅ። ላፕቶፑን ልዝጋው?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ቆይ። አትዝጋው። … መብራት ነው አልናት እንበል። ጽሑፏ ተቃጠለ። አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጀርባዋን አሻሸሁ። «አይዞሽ፣ የመብራት ነገር» አልኩ።

ይበልጣል፦ አዎ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ያን ጊዜ ኮቱ የት ነው?

ይበልጣል፦ የቱ ኮት?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ የኔ ኮት! መብራት አቃጠለው ካልኳት ኮቱን የሚፈልገው ማነው? ማንም። የተቃጠለ ነገር አይፈለግማ። ምናለሽ ተራ አንዱ ድንኳን ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ዓመት ሙሉ የለፋችበት ኪሱ ውስጥ ደህና ሆኖ ቁጭ ብሎ፣ እኛ እዚህ ለቅሶ ተቀምጠናል።

ይበልጣል፦ ቢፈለግም እኮ መገኘቱ…

ጋሽ ማንደፍሮ፦ አይገኝም። አውቃለሁ። እኔ ብቻዬን ብሄድማ መግቢያውንም አላውቀው። ይገኛል አላልኩህም። ግን ያልጠፋ ነገር ቀብሬ ዕድሜ ልኬን «አይዞሽ» ልላት ነው? ያቺ ልጅ እኮ ፊቴን ታነባለች። ጠረጴዛው ይወዛወዝ እንደሆነ እያየሁ ነው ስላት እንኳ፣ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ወትፋበት አገኘሁት። እኔን ላለማሳፈር።

ይበልጣል፦ እና ምን ሊያደርጉ ነው?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ እኔ እንጃ። ምን ማድረግ እችላለሁ? የምችለው ነገር ቢኖር ከትናንት ጀምሮ አደርገው ነበር። … ስልኩን ደውልልኝ። ለሰርኬ።

ይበልጣል፦ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ናት። ትድረስና ቢነግሯት አይሻልም?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ስትደርስ ፊቷን አያለሁ። ፊቷን ካየሁ መብራት ነው እላለሁ። ደውል።

ይበልጣል፦ እየጠራ ነው። እንኩ።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ሄሎ፣ ሰርኬ። … ጫንጮን አለፍሽ? እሺ። ስሚኝ ልጄ፣ አታቋርጪኝ፤ ካቋረጥሽኝ አልጨርሰውም። ቅድም መብራት የለም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። መብራት አለ። ላፕቶፕሽን ላፋጥንልሽ ብዬ ሆዱን ከፍቼ፣ ጽሑፍሽ ያለባትን ነገር አውጥቼ፣ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። እናትሽ ኮቱን ለልዋጭ ሰጠችው። እሷ የምታውቀው ነገር የለም፣ እሷን አትቆጪያት። አደራሽን የበላሁት እኔ ነኝ። አዲሷን ለመግጠም ይበልጣል ሱቅ ነኝ፣ እሷም አልገባ አለች። … ሰርኬ? … አለሽ?

ይበልጣል፦ ምን አለች?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

ይበልጣል፦ ስለ ቅጂው ይጠይቋት።

ጋሽ ማንደፍሮ፦ ሰርኬ፣ ኢንተርኔቱ ላይ፣ ደመና ላይ ያስቀመጥሽው አለ ወይ ይላል ይበልጣል። … እ? … እሺ። … እሺ፣ ልጄ። … ቡናማ። ክርኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ የተጣፈበት። የደረቱ ኪስ ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ።

ይበልጣል፦ አለ? ቅጂ አላት?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ የመጀመሪያው ግማሽ አለ፤ ለአማካሪዋ ልካለት ነበር። የሸማኔዎቹ ቃል ግን የለም። እሱ እዚያችው ላይ ብቻ ነው የነበረው።

ይበልጣል፦ አቤት!

ጋሽ ማንደፍሮ፦ የኮቱ ቀለም ምን ነበር አለችኝ። ከአውቶቡስ ሳትወርድ ኮቴን መፈለግ ጀመረች። ልትቆጣኝ ይገባት ነበር፤ ምን አለበት ብትሰድበኝ። … አሁን ደግሞ አንተን አገናኘኝ ትላለች።

ይበልጣል፦ እኔን? ምን ብላ?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ «አንተ ሳትጠይቅ ምስማር እንኳ አትመታም። ትገባለች ያለህ ማነው?» አለችኝ።

ይበልጣል፦ ምን አሏት?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ መልሱን ላንተ ተውኩት። እንካ፣ ያዝ።

ይበልጣል፦ ምን ልበላት?

ጋሽ ማንደፍሮ፦ መብራት ነው በላታ። አንተ አይደለህ ያልሠራው ኃጢአት የለም ያልከኝ? ያዝ፣ እጄ ዛለ።

ይበልጣል፦ … ሄሎ፣ ሰርካለም። ይበልጣል ነኝ። ርዝመቷን ብቻ በስልክ ሰምቼ፣ ሳላይ፣ ትገባለች ያልኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ገበያ ከአውቶቡስ ስትወርጂ እዚያው ጠብቂኝ፤ በሩን በገመዱ አስሬ መጣሁ፣ ምናለሽ ተራ አብረን እንወርዳለን።